ወደ ትንሹ ጥርስ አልወርድ ያለው ካቴና

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ እጁን በላምባ ታጥቦ ኖሯል። ጥፍሩ ሥር ግራሶ ቀርቷል። መስኮቱ አይከፈትም፤ ሽታው ከነሙሉ ክብደቱ መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ተቀመጠ። ከኋላ ያለች ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስታደርግ አየኋት። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ሰውየው ጠጋ አልሁ። «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ ደክሞኝ ነው» አልሁት። ዕድሜዬ ሰማንያን ከተሻገረ ወዲህ የማይደክመኝ ሰዓት የለም፤ ስተኛም ይደክመኛል፣ ስነሣም ይደክመኛል። የዚያን ዕለቱ ግን የጉልበት ድካም አልነበረም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁና የአለልኝን ብስክሌት ሳስብ መሸ።

የኔም እጅ እንደዚያ ይሸት በነበረበት ዘመን ጎንደር ትንሽ ከተማ ነበረች። ንጉሡ በዙፋናቸው ናቸው። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም የሠራቸው ቤቶች ቢጫ ቀለማቸው ገና አልለቀቀም፤ እኛም መሣሪያውን ሁሉ በሱ ቋንቋ ነበር የምንጠራው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኪያቤ እያልን። ፒያሳ ላይ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ዛሬ የስልክ መሸጫዎች በተደረደሩበት ጥግ፣ የአያ ብሩ ብስክሌት ቤት ነበር። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ከፊቱ ሦስት የድንጋይ ደረጃ፣ ከደረጃው ጎን ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ሰባት የኪራይ ብስክሌቶች። ግማሽ ሰዓት ለመንዳት አሥር ሳንቲም፣ ሻይ ደግሞ አምስት ሳንቲም ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪው፣ የጽሕፈት ቤት ጸሐፊው፣ ፈቃድ የወጣው ወታደር ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ የሱሪውን ጫፍ ካቴና እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ይዞ፣ በግንቡ ዙሪያ ይነዳል። ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው ያያሉ። አንዱ ሲወድቅ ሳቁ እስከኛ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የክንዱ ጫፍ የተበላ ሰማያዊ ቱታ እለብስ ነበር፤ ለበዓል የማስቀምጠው አንድ ካኪ ኮትም ነበረኝ። ከከተማው ብስክሌት ሠሪዎች ሁሉ እጄ የተሻለ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰዎችም ይሉኝ ስለነበር ሳልኮራ አልቀረሁም።

አያ ብሩ ግን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ሥራውን የተማሩት ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ነው፤ ብዙ ቃል አያወጡም ነበር። ብስክሌት ሲመጣላቸው በጀርባው ገልብጠው ጎማውን ያሽከረክሩና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ ችግሩ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ነካ አድርገውልኝ ይሄዳሉ። የቀረው የኔ ነው።

አለልኝ ወገራ ውስጥ አምባ ጊዮርጊስ ያለው ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም የሆነ ሰው ማለት ነው። ከኔ በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ፤ ከተማ በመጣ ቁጥር ከኔ ጋር ሻይ ሳይጠጣ የማይመለስ ወዳጄ ነበር። ብስክሌቱን መንገድ ሲለካ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነበር የተወለት። ጎንደር ውስጥ እንደሱ ያለ ሌላ ብስክሌት አልነበረም። የኛዎቹ ፔዳሉ ጋ አንድ ጥርስ፣ ማለት ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት፣ ብቻ ነበራቸው፤ የሱ ግን ሁለት፣ ትልቁ ከውጭ፣ ትንሹ ከውስጥ። በሜዳ ላይ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ሆኖ እንደ ንፋስ ይወስድሃል። ዳገት ሲመጣ መሪው ሥር ያለችውን ዘንግ ገፋ ስታደርጋት ካቴናው ወደ ትንሹ ጥርስ ይወርዳል፤ እግርህ ይቀለዋል፣ ቀስ ብለህ ወገራን ትወጣታለህ። እኔ ያን ማርሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ሥራ ፈትቼ አንድ ሰዓት ሙሉ እያወጣሁ ሳወርደው ቆይቻለሁ።

ዘመኑ ክረምት ነበር፣ ነሐሴ። በወገራ ግርሻ ገብቶ ሰው በየቤቱ ተኝቷል። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብሎ ሰውየው በተነሣ በሳምንቱ ተመልሶ ይጥለዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይህ ነበር። መርፌው ከተገኘ ይድናል፤ ካልተገኘ ደግሞ እንደ ዕድሉ ነው። የዚያ ዓመት ዝናብ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከወለቃ መንደር በላይ ያለውን ዳገት ንዶት መኪና ወደ ሰሜን ማለፍ አልቻለም ነበር። አለልኝ ግን ብስክሌቱን ናዳው ላይ በትከሻው ተሸክሞ ይሻገርና ከዚያ ወዲያ ይነዳል። ሐሙስ ዕለት መድኃኒት ሊወስድ መጣ። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው።

«የፊት ማርሹ እምቢ አለ» አለኝ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያራገፈ። «ትልቁ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ቀረ። መንገድ ላይ ያለውን ዳገት ሁሉ እየገፋሁ ነው የመጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሆስፒታሉ መድኃኒቱን ይሰጡኛል፤ እስከዚያ ታደርስልኛለህ?»

«ነገ ታገኘዋለህ» አልሁት።

ብስክሌቱን ገልብጬ ሠራሁት። ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ነገር ሁለት ስስ የብረት ገጽ ነው፤ ካቴናው በመካከላቸው ያልፋል፤ ሽቦው ሲስበው ወደ ውጭ፣ ሽቦው ሲላላ ስፕሪንጉ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። እኛ መግፊያ ነበር የምንለው። ስፕሪንጉ በጭቃ ታንቋል፤ በላምባ አጠብሁት። አንደኛው ገጽ ድንጋይ ነክቶት ጎብጧል፤ በፒንሳ አቀናሁት። ሽቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ተተርትሯል፤ አውጥቼ በአዲስ የፍሬን ሽቦ ተካሁት። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ደስ እያለኝ ነው የሠራሁት። በመጨረሻ የቀረችው ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ብሎን ናት። መግፊያው ወደ ውስጥ ሲመጣ ትንሹ ጥርስ ጋ ሲደርስ የምታቆመው እሷ ናት። ጠብቃ ከገባች ካቴናው አይወርድም፤ የአለልኝም ችግር አንዱ ይኸው ነበር። ከላላች ደግሞ መግፊያው ቦታውን አልፎ ካቴናውን ከትንሹም ጥርስ አሳልፎ በጥርሱና በብስክሌቱ አካል መሃል ይጥለዋል። ላላ አድርጌ ልክዋን አገኘሁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ማርሹን ስቀያይር ግን ብሎኗ ራሷ እየተሽከረከረች ወጣች። የገባችበት ቀዳዳ ብሎን የሚይዝበት ጥርሱ ተበልቷል። አትይዝም።

አያ ብሩ ዓርብ ጠዋት መጥተው ጎማውን አሽከረከሩ፣ አዳመጡ፣ ብሎኗን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ።

«ይህ እኛ ጋ አይሠራም» አሉ። «ብስክሌቱን ይዘህ ወለቃ ሂድ። አያ ይርዳው ዘንድ። ትናንት ስትታገላት አይቼ፣ ለገበያ የመጣ የወለቃ ሰው ስላገኘሁ ‹ሰው ይመጣል› ብዬ ልኬበታለሁ። ግን ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ድረስ፤ ሰንበታቸው ዛሬ ማታ ነው የሚገባው።»

አያ ይርዳው የወለቃ ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ እኛ ያኔ በሌላ፣ ዛሬ ልጽፈው በማልፈልገው ስም ነበር የምንጠራቸው። ማረሻችንንም፣ ቢላችንንም፣ ድስታችንንም እነሱ ይሠሩልናል፤ እኛ ግን ቤታቸው ውኃ አንጠጣም፣ ዓይናቸውን ቀና ብለን አናይም። እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ «የወለቃ ሰው ካየህ ልብስህን ሰብሰብ አድርገህ እለፍ፤ በዓይኑ ይበላሃል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አላምንበትም እል ነበር። ማንበብ የምችል፣ ፈረንጅ የሠራውን ማርሽ የምፈታ ሰው ነኝ እላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከአፍ ቶሎ ቢወጣም ከሆድ ቶሎ አይወጣም።

ብስክሌቱን እየገፋሁ በሰሜኑ መንገድ ወጣሁ። ዝናቡ ከበድ ብሎ ጀመረ። ወንዙ ድልድይ ጋ ስደርስ የወለቃ ጭስ ከተራራው ሥር ይታየኛል፤ የመዶሻውም ድምፅ ይሰማኛል። እዚያ ድልድይ ላይ ቆምሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ለራሴ «ዝናቡ ያባራ» አልሁት። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ እግሬ ወደፊት አልሄድ አለ። የእሳቱን ቤት፣ ጨለማውን፣ ሰውየው እጄን ሲይዝ፣ ዓይን ለዓይን ስንተያይ አሰብሁና ብስክሌቱን አዙሬ ተመለስሁ። ሃያ አራት ዓመት የሞላኝ ሰው።

ወደ ሱቁ በቀጥታ መግባት አፈርሁ። ሲኒማ ቤቱ ጀርባ ያለች ሻይ ቤት ገብቼ ብስክሌቱን በመስኮቱ እያየሁ ተቀመጥሁ። ባለቤቱ አዲስ ሸክላ አስመጥቶ ነበር፤ አንዲት ሴት ድምፅዋን እያንቀጠቀጠች የቀረባትን ሰው መንገድ የምትጠይቅበት ዘፈን ነው። እየመላለሰ ያዞረዋል። ሰዎቹ እርጥብ ጋቢያቸውን አገልድመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሦስት ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ እዚያው ጓሮ ከተጣለ የሳርዲን ቆርቆሮ ላይ ስስ ቅንጣቢ ከባለቤቱ በተዋስሁት መቀስ ቆርጬ ብሎኗ ቀዳዳ ውስጥ አስገባሁና ብሎኗን በላዩ ላይ አጠበቅሁ። ያዘች። ማርሹን አሥር ጊዜ ቀያየርሁት፤ ካቴናው እንደ ውኃ ይወርዳል፣ እንደ ውኃ ይወጣል። ራሴን አመሰገንሁ። «ያ ሽማግሌ ምን ሊጨምርበት ነበር?» አልሁ በልቤ።

ወደ ማታ አያ ብሩ «ወለቃ ደረስህ?» አሉኝ።

«ደርሻለሁ» አልሁ።

ቅዳሜ በጠዋት አለልኝ የመድኃኒቱን ቦርሳ በጀርባው አዝሎ መጣ። ማርሹን ሲቀይር ፊቱ ፈካ። «የወለቃው ሰውዬ ነው የሠራው አሉኝ አያ ብሩ፣ እውነት ነው?» አለኝ። «አዎ፣ እሱ ነው» አልሁት። ይህን ስናገር አላፈርሁም። ውሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ነው የሚከብደው፤ ሁለተኛው ላይ ለምዶት ይወጣል። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ከኋላው ቆሜ አየሁት፤ ረጅም ጀርባው፣ ቦርሳው፣ በመቆንጠጫ የተያዘው ሱሪው።

ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ፒያሳ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ብስክሌቱን ከላይ አውርዶ ደረጃችን ላይ አስደገፈው። አንደኛው ፔዳል ተጣሟል። «ባለቤቱን ሆስፒታል አድርሼ መምጣቴ ነው» አለ። «ወለቃ ላይ ነው በቃሬዛ አምጥተው የጫኑብኝ። ዳገቱን ቆሞ ሲረግጥ ካቴናው ወለቀ ይላሉ ያዩት። እግሩ ባዶ ረግጦ ከነብስክሌቱ ከመንደሩ በላይ ካለው ትንሽ ድልድይ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ነው፤ ክፉኛ ነው።»

አያ ብሩ ተቀምጠው መግፊያውን አዩት። ካቴናው ከትንሹ ጥርስ አልፎ በጥርሱና በብስክሌቱ አካል መሃል ተቀርቅሯል። ብሎኗ የለችም። የቆርቆሮዋ ቅንጣቢ ብቻ ቀዳዳው አፍ ላይ ተሰክታ ቀርታለች። በጥፍራቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አደረጓት።

«ይችን ያስገባህ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ወለቃ ደረስሁ ብለኸኝ ነበር።»

ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ፣ ሂድ ከዚህ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ፣ «ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እሳት አይነኩም። ነገ ትወስደዋለህ» አሉና ገቡ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እኔ ብስክሌቱን እየገፋሁ በዚያው መንገድ ወጣሁ። ዓርብ የተመለስሁበት ድልድይ ጋ አልቆምሁም። ዛሬ ወለቃን ለሚያውቃት ሰው ይህን መናገር ይከብዳል። ሰዎቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ስንት ዘመን ሆነ፤ ዳሩ ላይ የሸክላ ምስል የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ቱሪስት ፎቶ ያነሣል፤ መዶሻ የለም። እኔ አልፎ አልፎ በሚኒባስ ሳልፍ ያ ቤት የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ አንገቴን እጠመዝዛለሁ፣ አላገኘውም። ያኔ ግን ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሣር ክዳን፣ ጭስ የጠገበ በር፣ ከበሩ ጎን የተደረደረ ያልተጠናቀቀ ማረሻ። አያ ይርዳው አጭር ሰው ነበሩ፤ ጢማቸው ጫፉ ላይ በእሳት ተለብልቦ ወደ ቢጫ ሄዷል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኋቸው። ዓይናቸውን አየሁ። የደከመ ሰው ዓይን ነው፤ ጭስ ያቀላው፤ ሌላ ምንም የለውም።

«የብሩ ሰው ነህ» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«ዓርብ ጠብቄህ ነበር። ፍሙ እንዳይጠፋብኝ ስል ሌላ ሥራ ይዤ እስከ ፀሐይ መዘቅዘቂያ ቆየሁ። ዝናቡ አስቀረው አልሁ።»

«ዝናቡ አይደለም» አልሁ። «ፈርቼ ነው የተመለስሁ።»

ምን እንደፈራሁ አልጠየቁኝም። ያውቁታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያውቁት የኖሩት ነገር ነው። ብስክሌቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ጎንበስ አሉና ቀዳዳውን አዩት። «ያ ሰው ትናንት በዚህ በር ነው በቃሬዛ ያለፈ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልጆች አሉት?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችው።»

«ምነው ታዲያ ቆመሃል፣ ያዝልኝ።»

ወናፉን እንድይዝ ነው። እኔ ስነፋ እሳቸው ብረቱን አግለው ቀጠቀጡት። «ብሎን ምን ያደርጋል?» አሉኝ። «መግፊያው የሚቆምበት ቦታ አንድ ነው፤ አይቀየርም። ታዲያ ለምን የሚፈታ ነገር እናደርግበታለን?» የጣት ጥፍር የምታክል ማቆሚያ ሠርተው ቀዳዳው ላይ በምስማር ሰፏት። ከዚያ ካቴናውን ትንሹ ጥርስ ላይ አስቀምጠው ማቆሚያዋን በሞረድ ይሞርዱ ጀመር። ትንሽ ሞርደው ያዩታል፣ እንደገና ትንሽ ይሞርዳሉ። በካቴናውና በመግፊያው መሃል የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት ሲቀር ሞረዱን አስቀመጡ። «በል ቀይር» አሉኝ። ፔዳሉን በእጄ እያዞርሁ ቀየርሁ። ካቴናው ወረደ፤ ቆመ። ገፍቼ እንዳያልፍ ሞከርሁት፤ አላለፈም። ሃምሳ ጊዜ ያህል እንዳደርገው አስገደዱኝ። የተጣመመውንም ፔዳል እሳት አሳይተው አቀኑት። ስወጣ ባለቤታቸው ውኃ በቅል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንደምጠጣ እርግጠኛ አልነበረችም፤ እጇ ወደኔ ግማሽ መንገድ ብቻ ተዘርግቷል። ተቀብዬ ጠጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድሁ። አለልኝ እግሩ በጣውላ ታስሮ በጀርባው ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አልጋው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና በመንገድ ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁትን ነገር ተናገርሁ። ወለቃ አልሄድሁም፣ ቆርቆሮ ነው ያስገባሁት፣ ዋሸሁህ። ዓይኑን ጣራው ላይ አድርጎ ሰማኝ።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

አልገባኝም።

«ወለቃ እኮ መንገዴ ነው። አያ ይርዳውን አመሰግናለሁ ብዬ ጎራ አልሁ። ከጸሎት ሲመለሱ በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ‹እኔ ዘንድ ማንም አልመጣም› አሉኝ። መግፊያውን አዩልኝ፤ ‹ይህ አይይዝም፣ ነገ ተመልሰህ ና፣ ዛሬ ሰንበት ነው እጄን አላነሣም› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ሄድህ?»

«ለእሁድ ጠዋት የቀጠርኋቸው አሥራ ሰባት ሰዎች አሉ። አንድ ቀን ምን ይሆናል አልሁ። ይይዝልኛል አልሁ። ልክ አንተ እንዳሰብኸው ነው ያሰብሁ።» ከዚያ ፊቱን ወደኔ አዞረ። «ይህን የምነግርህ ጥፋትህን ላቀልልህ አይደለም። ጥፋትህ ጥፋት ነው፣ እሱን ራስህ ያዘው። አሁን ግን ቦርሳው ያው ከአልጋው ሥር ነው። እዚያ መርፌ የሚወጋ ረዳት አለ፤ የጎደለው መድኃኒቱ ነው። መኪና አይሄድም። ብስክሌቱ ተሠርቷል ካልህ አንተ ውሰድ።»

ያ ጉልበት ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። አለልኝ ብስክሌት ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ከተማ ውስጥ በአንድ መድኃኒት መስጫ መስኮት አጠገብ ለብዙ ዓመት ተቀምጦ ሠራ፤ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ። ስለ አወዳደቁ ሲጠይቁት «ዳገቱ አዳለጠኝ» ይል ነበር እንጂ ስሜን አንሥቶ አያውቅም። መንግሥት ተለወጠ፣ ወጣቶች አለቁ፣ ሌላ መንግሥት መጣ፤ እኛ ሁለታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ እየጠጣን አረጀን። እሱ በደረጃ ሲወርድ እኔ ክንዱን እይዛለሁ። አንድም ቀን አልጠየቀኝም፣ እኔም አንድም ቀን ሳልይዘው አልቀረሁም። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ ክንዴ ብቻ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም።

የዚያን ሰኞ ግን ጎህ ሲቀድ ቦርሳውን አዝዬ ተነሣሁ። እንዲህ ያለ መንገድ ነድቼ አላውቅም ነበር፤ የከተማ ብስክሌት ሠሪ ነኝ። ወለቃን ካለፍሁ በኋላ ዳገቱ ተጀመረ። ዘንጉን ገፋሁ፤ ካቴናው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ወደ ትንሹ ጥርስ ወረደና እዚያው ቆየ። እሱ የወደቀበት ትንሽ ድልድይ ጋ ስደርስ ወርጄ ድንጋዩን አየሁት። ዝናቡ አጥቦታል። ናዳው ላይ ብስክሌቱን በትከሻዬ ተሸክሜ ጭቃ እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ ተሻገርሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደህና አድርጌ አላስታውሰውም፤ ጉም፣ የገብስ ማሳ፣ ፊቴን የሚገርፍ ብርድ፣ ከጉሙ ውስጥ የሚመጣ የከብት ደወል። ደረቴ ሊፈነዳ ደርሷል። ወርጄ ገፋሁ፣ ወጥቼ ነዳሁ፣ እንደገና ወረድሁ። እሱ ይህን በየሁለት ሳምንቱ ያደርገው ነበር፤ ሻይ ሲጠጣም ስለዚህ መንገድ አንድ ቃል አማርሮ አያውቅም።

አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ፀሐይ አናት አልፋለች። ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ሰው በጭቃው ላይ ጭድ ጎዝጉዞ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ተኝቷል። እሁድ መጥተው ያልተመለሱ ነበሩ። ብስክሌቱን ስላወቁት ሁሉም ቀና አሉ፤ ከዚያ የነዳው ሌላ ሰው መሆኑን ሲያዩ መልሰው ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። አንድ ወፍራም ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደኔ መጡ።

«ምነው፣ ሐኪሙ የታለ?» አሉኝ።

«ወድቆ ጉልበቱ ተሰበረ፣ አያ። በኔ ጥፋት ነው። ብስክሌቱን በደንብ ሳልሠራ ሠርቻለሁ ብዬው ነው።»

ይህን የተናገርሁት በሰው ሁሉ ፊት ነው። ሽማግሌው ብስክሌቱን አዩ፣ ጭቃ የጠገበ ሱሪዬን አዩ፣ ፊቴን ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። የሚሉትን ጠበቅሁ።

«መድኃኒቱንስ ይዘኸዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ሸጋ» አሉ። «በል ግባ፤ ባለቤቴ እውስጥ ተኝታለች።»

የቦርሳውን ማንገቻ ልፈታ ሞከርሁ፤ ጣቶቼ በብርድ ደርቀው አልታዘዝ አሉኝ። ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተጠጉኝና ቦርሳውን ከትከሻዬ ላይ ራሳቸው አወረዱልኝ።